የአህያዋ ዋሻና የቀትሩ ወሬ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ንጉሥ ሥር በሚተዳደሩበት ሸለቆ ውስጥ፣ አንዲት አህያ ሰፊ ዋሻ ነበራት። ዋሻውን የሰጣት ንጉሥ አንበሳ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሸለቆውን ሸክም ተሸክማ ጀርባዋ ሲጎብጥ፣ «በይ አሁን እረፊ» ብሎ ሰጣት። እሷ ግን ማረፍ የሚባለውን ነገር አታውቅበትም። ሁለት ቀን ብቻዋን ተኛችና ሰለቻት። በሦስተኛው ቀን ደጁ ላይ ቆማ ሸለቆው እስኪያስተጋባ አናፋች።

«ለራሱ ሆድ ሳይሆን ለሌላው የሚሠራ ሁሉ ይምጣ! ዝናብ አያገኘውም፣ ፀሐይ አይመታውም፣ ኪራይም አልጠይቀውም!»

ሦስት መጡ። ጃርት ሥር እየቆፈረ ለታመሙ መድኃኒት የሚቀምም ነው። ኤሊ ወንዝ መውረድ ላቃታቸው አዛውንት በቅል ውኃ ታደርሳለች፤ እርግጥ ጠዋት የተቀዳው ውኃ የሚደርሰው ማታ ነው፣ ቢሆንም ይደርሳል። ጦጢት ደግሞ ነፋስ ያፈረሰውን የወፎች ጎጆ ትጠግናለች። ሦስቱም አንዳንድ ጥግ ይዘው ሥራቸውን ጀመሩ።

አህያ ያወጣችው ሕግ አንድ ብቻ ነበር። ቀትር ሲሆን ሁሉም ሥራውን አስቀምጦ መሐል ላይ ይሰበሰብና «ዛሬ ምን ጎደለህ? አንቺስ ምን ጎደለሽ?» ይባባላል። አንዱ የጎደለውን ሲናገር ያለው ይሰጠዋል፤ የሌለው ደግሞ ማን ዘንድ እንደሚገኝ ይጠቁመዋል። ከውጭ ለሚያይ ተራ ወሬ ይመስላል። ሳቅም ነበረበት፤ ጦጢት ባለችበት ሳቅ መቼ ይጠፋል!

አያ ጅቦ ይህን ዋሻ ካየ ጀምሮ ምራቁን ይውጥ ነበር። ቀዝቃዛ፣ ሰፊ፣ በዚያ ላይ ውስጡ አህያ ያለበት ዋሻ! እንዴት አድርጎ እንደሚወስደው ግን ጭንቅላቱ አልደረሰበትም። ስለዚህ ወደ ቀበሮ ሄደ።

«ወዳጄ፣ ያንን ዋሻ እፈልገዋለሁ።»

«ቀላል ነው» አለ ቀበሮ። «እኔ ጓዳውን እወስዳለሁ፤ አንተ ሳሎኑን።»

«አህያዋስ?»

«እሷንማ እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ነው የምታገኛት።»

ጅቦ እስኪያንቀው ሳቀ።

ቀበሮ በቀጥታ ወደ ንጉሡ ሄደ። «ንጉሥ ሆይ፣ ለአህያ የሰጡት ዋሻ የሥራ ፈቶች መሰብሰቢያ ሆኗል። ቀትር ላይ ሄደው ቢያዩ ሲያወሩና ሲስቁ ያገኟቸዋል። ምስኪኑ አያ ጅቦ ግን ቤት አጥቶ ሜዳ ላይ ያድራል» አለ።

ንጉሡ ተቆጣ። «ከነገ ወዲያ ቀትር ላይ ራሴ መጥቼ አያለሁ። ሥራ ካላገኘሁ ዋሻው የጅብ ነው!»

ቀበሮ ከዚያ ወጥቶ ጭራውን እየቆላ አህያ ዘንድ ደረሰ። አያፍርም እኮ!

«እትዬ አህያ፣ ስለማዝንልሽ ነው የመጣሁት» አላት። «ከነገ ወዲያ ንጉሡ ዋሻውን ሊያይ ይመጣል። ሥራ ካላየ ሊነጥቅሽ ነው። ወሬ ደግሞ አይወድም። እስኪመጣ ድረስ ማንም ትንፍሽ አይበል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የየራሱን ይሥራ።»

አህያ ዋሻዋን እንዳታጣ ፈራች፤ ስለፈራችም አመነችው። ሦስቱን ጠርታ «ንጉሡ መጥቶ እስኪሄድ የቀትሩ ወሬ ቀርቷል። ሁላችሁም በየጥጋችሁ፣ ጭጭ!» አለቻቸው።

በነገታው ክፉ ሳል ሸለቆው ውስጥ ገባ። ጃርት መድኃኒቱን ወቅጦ አዘጋጀ፤ ግን የሚበጠብጥበት ውኃ አልነበረውም። ኤሊ ውኃ እንዳትቀዳ ቅሏ ተሰንጥቆ ያፈሳል። ጦጢት ለስንጥቅ የሚሆን ቃጫና ሙጫ ሞልቷት ነበር፤ ወስፌዋ ግን ተሰብሮባታል። ጃርት ደግሞ ጀርባው ሙሉ ወስፌ ነው! ሦስቱም ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በሆዳቸው እየተጨነቁ ዋሉ። አንገታቸውን ስለደፉ የሚሠሩ ይመስሉ ነበር እንጂ አንዳች የሠራ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ቀትር ላይ ንጉሡ መጣ። ቀበሮ ከኋላው፣ ጅቦም የሚያነጥፈውን ሣር ተሸክሞ ከቀበሮ ኋላ ተከተሉ። ደጁ ላይ አንዲት ድኩላ ከምትስል ግልገሏ ጋር ቆማ ነበር።

«ይህች ለምን ትቆማለች?» አለ ንጉሡ። «ጃርት፣ መድኃኒቱ የታለ?»

ጃርት አህያን አየ። አህያ ዝም እንዲል በዓይኗ ለመነችው። እሱም አንገቱን ደፋ።

«ኤሊ፣ ውኃውስ? ጦጢት፣ አንቺስ ምን ሠራሽ?»

ዝም።

ጅቦ ወዲያው ሣሩን አንጥፎ ጋደም አለና መለካት ጀመረ። «ጭንቅላቴ እዚህ፣ እግሬ እዚያ...»

ንጉሡ ሊፈርድ አፉን ሲከፍት ግልገሏ በሳል ተንፈራፍራ ወደቀች። አህያ ይህን ስታይ አንጀቷ አልቻለም። በሙሉ ድምፅዋ አናፋች።

«ዋሻውን የፈለገ ይውሰደው! ይህች ልጅ ግን መድኃኒቷን ሳትጠጣ አትሄድም! ጃርት፣ ምን ጎደለህ?»

«ውኃ!»

«ኤሊ፣ አንቺስ?»

«ቅሌ ተሰንጥቆ!»

«ስጪኝ እሰፋዋለሁ!» ብላ ጦጢት ዘለለች። «ግን ወስፌ የለኝም!»

«ወስፌ?» አለ ጃርት። «ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ!» ከጀርባው ላይ ነቅሎ ሰጣት።

ጦጢት ስንጥቁን በቃጫ ሰፍታ በሙጫ ደፈነችው። ኤሊ «ውኃውን እኔ ልቅዳ» ስትል ሁሉም በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» አሉ። አህያ የጎበጠ ጀርባዋን ረስታ ቅሉን ይዛ ወደ ወንዝ ጋለበች። በተመለሰች ጊዜ ጃርት መድኃኒቱን በጥብጦ አጠጣ። ግልገሏ ጥቂት ቆይታ ተነፈሰች፣ ብድግ አለች፣ የእናቷንም ጡት ፈለገች። እናቷ በደስታ አለቀሰች፤ ጦጢት እልል አለች።

ንጉሡ ተደነቀ። «ይህ ሁሉ መቼ ተገኘ?»

«ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ነበር፣ ንጉሥ ሆይ» አለች አህያ። «እርስዎ ወሬ አይወዱም ስለተባልን ዝም ተባባልን እንጂ።»

«ማን ነው ያላችሁ?»

ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞሩ። ቀበሮ ግን ቦታው ላይ የለም፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ጭራው ብቻ ታየ። ምንም ያልገባው ጅቦ ከተጋደመበት ቀና ብሎ «ንጉሥ ሆይ፣ አህያዋን በየት በኩል ላድርጋት? ቀበሮ ሳሎን ውስጥ ናት ብሎኝ ነበር» ሲል ጠየቀ።

ንጉሡ አገሳ። ጅቦ ሣሩ ጀርባው ላይ እንደተጣበቀ ሸለቆውን ለቆ በረረ፤ ቀበሮም ከፊቱ ይሮጥ ነበር።

ንጉሡ መሐል ላይ ተቀመጠ። «ዋሻው ለዘላለም የዚህ ሥራ ነው» አለ። «አሁን ተራው የእኔ ነው። እኔን የጎደለኝ፣ ስሳሳት ፊት ለፊት የሚነግረኝ ነው።»

ኤሊ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣች።

«እንግዲያስ አሁኑኑ እንጀምር» አለች። «ራስዎ ሳያዩ የቀበሮን ወሬ ሰምተው መቆጣትዎ ስህተት ነበር።»

ንጉሡ መጀመሪያ አፈጠጠባት፤ ቀጥሎ ዋሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፣ ሁሉም አብረውት ሳቁ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው የሚሠሩ ሰዎች በአንድ ቤት መሰብሰባቸው ብቻውን እንደማይበቃና ኃይላቸው የሚገኘው የጎደላቸውን ሳያፍሩ ሲነጋገሩ መሆኑን ነው።