የንጉሡ ዋስ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁ በረቱን ዝጉና ስሙኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ድቅድቅ ጨለማ የሚውጠው አንድ ዱር ነበር። ንጉሡ አያ አንበሳ፣ «መብራት ይዞ ለሚመጣልኝ ጤዛ የሞላበትን መስክ ሰጥቻለሁ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

ጭራዋ በጨለማ የሚበራው አብሪ ትል ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ዘመዶቿ ብዙ ናቸው፤ የሚጠጡትም ጤዛ ነው። ነገር ግን የአምናውን አልረሳችም። አምናም እንዲሁ ተብለው መጥተው ዱሩን ካበሩ በኋላ፣ ንጉሡ «ብርሃኑ የሁላችን ነው፤ መስኩ ግን የእኔ መጋደሚያ ነው» ብሎ አባሯቸው ነበር።

ስለዚህ ፊቱ ቀርባ፣ «ጃንሆይ፣ መምጣቱንስ እንመጣለን፤ ግን ዋስ ይጥሩልን» አለችው።

አራዊቱ በሳቅ ፍርስ አሉ። ጦጣማ ከዛፍ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። አንበሳ ጎፈሩን ነስንሶ፣ «ንጉሥ ዋስ ሲጠራ የት አይተሻል? ደግሞስ ለእኔ ዋስ የሚሆን ማን ደፋር አለ?» ብሎ አገሳ።

«እኔ አለሁ!» አለች ሚስቱ ከተኛችበት ብድግ ብላ። «ቃሉን ያጠፈ ዕለት እኔ አደን አልወጣም።»

አራዊቱ ሳቃቸውን ትተው ወደ አንበሳ ዞሩ። አያ አንበሳ ካገባ ወዲህ አድኖ እንደማያውቅ ያልሰማ አልነበረም።

በዚያው ምሽት መስኩም ዛፉም ጅረቱም ቦግ ቦግ አለ። ጦጣ ከበሮ መታች፤ ጅብ ሳይቀር እስክስታ ወረደ።

ዛሬም ድረስ አያ አንበሳ ያ መስክ ባማረው ቁጥር፣ ዞር ብሎ ሚስቱን ያይና ሆዱን ዳበስ አድርጎ ዝም ይላል።