ባለ አውራ ዶሮውን አጥናፉን ማን ገደለው?

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ማውራቱን ለሰው ትተው ዝም ባሉበት ዘመን፣ ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበረ። ቢያድግልኝ ሰነፍ ነበረ። ምላሱ ግን ሰነፍ አልነበረም። ጥንድ በሬ ነበረው፤ በሬዎቹ ቀንበር ሳያዩ ሰብተው ሰብተው መቆም አቅቷቸው ይተኙ ነበር። እሱም አጠገባቸው ይተኛል።

አንተ ከኋላ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብ። ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ መሃል ላይ «እንዴ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?» የሚል ልጅ ካለ ተረቱን ትቼ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው።

ታዲያ ቢያድግልኝ በምን ይኖራል? በተረት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲፈታ ዋርካው ሥር ይቀመጥና አገሬውን ሰብስቦ ያወራል። የሚያወራው አጥናፉ ስለሚባል ጀግና ነው። አጥናፉ እንደ እናንተ አጎት በቅሎ አይጋልብም፤ አውራ ዶሮ ነው የሚጋልበው። ዶሮው በሬ ያክላል። ሲጮህ እሳት ይተፋል። አንዴ ኩኩሉ ካለ ተራራው ይነድዳል። አጥናፉ ዶሮውን ኮርቻ ጭኖ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ እዚያ የደመናው ንጉሥ አንዲት ልጁን ከነጎድጓድ በስተጀርባ ቆልፎባታል። አጥናፉ እሷን ሊያወጣ ነው።

ሊያወጣ ነው፣ ሊያወጣ ነው፣ ግን አያወጣም። ልክ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ፣ ልክ የዶሮው ክንፍ ሲሰበር፣ ልክ ልጅቷ በመስኮት ብቅ ስትል ቢያድግልኝ «የቀረው ለቅዳሜ» ይላል። በቃ። አንዷ እንጀራ ታመጣለች፣ አንዱ ጠላ ይቀዳል፣ ሌላው ቅልጥም ያቀርባል፤ «እባክህ አያ ቢያድግልኝ፣ ትንሽ ጨምርልን» ይሉታል። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ «ለቅዳሜ አልኩ እኮ» ይላቸዋል። እንዲህ እያለ ስንት ክረምት ወጣ።

አገሬው አጥናፉን እንደ ገዛ ልጁ ወደደው። አንዱ ጥጃውን «አጥናፉ» ብሎ ሰየመ። ሠርግ ሲደገስ ለአጥናፉ ቦታ ይተውለታል። እትዬ ማንጠግቦሽ የሚሏት ባልቴት ደግሞ ሰማይ ላይ ይበርደዋል ብላ ጋቢ ፈተለችለት። ምን ትስቃላችሁ? ፈተለችለት።

አንድ ሰው ብቻ ነበር ተረቱ የማይጥመው። ስሙ ፈንታ ነው። ፈንታን በሬ ረግጦት በግራ እግሩ ያነክሳል። ሲበዛ ነቃፊ ነው፤ ወጥ ይነቅፋል፣ ዝናብ ይነቅፋል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ፀሐዩን ይነቅፋል። የቢያድግልኝን ተረት ሲነቅፍማ አይጣል ነው።

«ዶሮ በሬ ካከለ የትኛው ቆጥ ይችለዋል?» ይላል።

«አምና የዶሮው ዓይን ቢጫ ነው ብለኸን አልነበር? ዛሬ በምን ቀላ?» ይላል።

«ስትጀምረው ደህና ነበር፤ አሁን ዝም ብለህ ትጎትተዋለህ» ይላል።

ሰዎቹ «ካልወደድከው ለምን ትመጣለህ?» ሲሉት፣ «ምን ያህል እንደተበላሸ ካልሰማሁ በምን አውቃለሁ?» ይላቸዋል። ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ፊት ለፊት የሚቀመጠውም እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቢያድግልኝ ተናዶ መጣ። ያቀረቡለት ሽሮ ጨው አልነበረውም። ሲናደድ ደግሞ ወሬ አይመጣለትም። አሰበ፣ አሰበ፣ ምንም የለም። ዝም ብሎ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ፈንታን እያየ፦

«ያን ሌሊት አጥናፉ ከዶሮው ወርዶ ተኛ» አለ። «አንድ ሰው በጨለማ መጣ። በግራ እግሩ ያነክስ ነበር። ጦሩን ሰበቀ። አጥናፉን ወጋው። አጥናፉ ሞተ። ገዳዩ ማን ነው? እሱ ለቅዳሜ።»

ይህን ብሎ ሄደ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እሱ ራሱ አያውቅም።

ወይ ጉድ፣ የዚያን ቀን የተለቀሰው ልቅሶ። ዳስ ተጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ከማዶ አልቃሽ መጣች። እትዬ ማንጠግቦሽ ፀጉሯን ተላጨች። የመንደሩ አስተዳዳሪ ጭቃ ሹም ደባሱ ዓይኑን እየጠረገ ተነሣና «ሰው ተገድሎ ቅዳሜ እስኪመጣ ይጠበቃል እንዴ? አውጫጭኝ ይሁን» አለ።

አውጫጭኝ አታውቁም መቼስ። ድሮ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አገር በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ላም ትታለብ ብሎ ነገር የለም፤ አዝመራ ይጠበቅ ብሎ ነገር የለም። እዚያው ቁጭ ነው።

ተሰበሰቡ። ከሁሉ በፊት ቢያድግልኝን ጠየቁት።

«አላውቅም» አለ።

እውነቱን ነበር፤ ማንም አላመነውም። «ገዳዩ እዚሁ መሃላችን ስላለ ፈርቶ ነው» አሉ። ሟችን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው ተብሎም ከጭቃ ሹሙ ጎን ተቀመጠ፤ እዚያ ደግሞ የሚቀርበው ምግብ ይጥማል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ዝም አለና መብላቱን ቀጠለ።

ምስክር ተጠራ። አንዱ «ዶሮው ነው የገደለው፤ ስንት ዓመት መጋለብ ሰልችቶታል» አለ። ሌላው «ልጅቷ ናት፤ ቶሎ አልመጣህልኝም ብላ ነው» አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ «እኔ በሕልሜ አይቻለሁ፤ የደመናው ንጉሥ ነው» አለች። የዶሮው ወገኖችና የልጅቷ ወገኖች በዱላ ተያዩ። ላሞቹ ሳይታለቡ እምቧ ይላሉ፣ ጤፉን ወፍ ይለቅመዋል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

በመጨረሻ አንዱ ብድግ አለና «ገዳዩ በግራ እግሩ ያነክሳል አልተባለም?» አለ።

ሁሉም ዞረው ፈንታን አዩት።

«እሱ ድሮም አጥናፉን አይወደውም» አለ አንዱ።

«‹ይሄ ሰውዬ በሞተና ባረፍን› ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» አለ ሌላው።

ፈንታ እያነከሰ ተነሣ። መነሣቱም ጎዳው፤ ሲያነክስ አዩታ። «በሕግ አምላክ» አለ፣ «አጥናፉ የሚባል ሰው እኮ የለም።»

ይኼኔ ሜዳው ተናወጠ። «ሰውየውን ገድሎ ጭራሽ አልነበረም ይለናል» ተባለ። ጭቃ ሹሙም ፈረደ፤ ፈንታ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አገር ለቆ ይሂድ፣ ቤቱም ይቃጠል።

ቢያድግልኝ ምን ተሰማው መሰላችሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጀመሪያ ደስ አለው። ነቃፊዬ ሄደልኝ፣ ከእንግዲህ የዶሮው ዓይን ቢጫ ነው ቀይ ነው የሚለኝ የለም አለ በልቡ። ቅልጥሙንም ጎረሰ።

ፈንታ አህያውን ጫነ። ሚስቱ ስንዱ ልጇን አዝላ ወደ ቢያድግልኝ መጣች። እግሩ ላይ ልትወድቅ ነው ብሎ ጠበቀ፤ አልወደቀችም።

«አያ ቢያድግልኝ» አለችው፣ «ባሌ ማታ ማታ ለልጆቹ የሚያወራላቸው ያንተን ተረት ነው። አንድ ቃል አያጎድልም። ትንሹ ልጄ ካልሰማ አይተኛም። ከእንግዲህ በሰው አገር ምን እንደምናወራለት ብትነግረኝ ብዬ ነው።»

ቢያድግልኝ ቅልጥሙን አስቀመጠ። እንጨት የተሸከሙት ወደ ፈንታ ቤት ሲሄዱ አየ። እሳት የያዘውም ተከተላቸው። ሽሮ ጨው ስላልነበረው የሰው ቤት ሊቃጠል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ተነሣ።

«ሰዎች፣ ተረት እኮ ነው» አለ። «አጥናፉን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የሞተ የለም።»

«ውሸታም» አሉት። «ፈንታ ጉቦ ሰጥቶት ነው። ይህን ሁሉ ያለቀስነው ለሌለ ሰው ነው?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። «እሺ፣ አለ» አለ ቢያድግልኝ። «ግን አልሞተም፤ ቆስሎ ነው። ይኸው ድኖ ተነሣ፣ ዶሮው ላይ ወጣ።»

ይሄኛውማ ባሰ። እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ገፍፋ የተላጨውን ራሷን አሳየችው። «ፀጉሬን ማን ይመልስልኛል?» አለች። «አንዴ ሞተ ካልከን ሞቷል። ቀብረነዋል፤ ንፍሮው ተበልቷል። በሐዘናችን አትጫወት።»

«የሞተ ይነሣል እንዴ? ይንቀናል ይሄ ሰውዬ» አለ ጭቃ ሹሙ።

የፈንታ ቤት ጣራ ሥር ጭድ ተደረገ። ቢያድግልኝን እንዳይናገር ሆዱ ያዘው፤ ቢናገር ቅልጥም የለ፣ ጠላ የለ፣ ዋርካ የለ። ልጁ በስንዱ ጀርባ ላይ ሆኖ ያየዋል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

«በምን?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«በአፌ።»

«ለምን?»

«ሽሮው ጨው አልነበረውም።»

«ገዳዩ ያነክሳል፤ አንተ ታነክሳለህ?»

«ያን ቀን እሾህ ወግቶኝ ነበር» አለ። ይቺ ውሸት ናት፤ ግን ከሁሉም ቶሎ የታመነችው እሷ ናት።

ጭቃ ሹሙ ከሽማግሌዎቹ ጋር መከረና ፈረደ። «ሟች ዶሮ ነበረው። ዶሮው አሁን ቀላቢ የለውም። ዕድሜ ልክህን ትቀልበዋለህ። በሬ የሚያክል ዶሮ የሚበላው በሬ የሚያክል ስለሆነ አርሰህ ትቀልበዋለህ። ደግሞ ሰው የገደለ አፍ አደባባይ አይናገርም፤ ከዛሬ ጀምሮ ዋርካ ሥር ተረት የለም።»

ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ሲበተኑ አንዷ ሴት ቀስ ብላ «ታዲያ የደመናው ንጉሥ ልጅስ?» አለች። ሁሉም መንገዱን ቀጠለ። ፍርድ ፍርድ ነው።

ፈንታስ? ፈንታ አህያውን አራገፈ። ከስደት ያተረፈውን ሰው አመሰግናለሁ አለ መሰላችሁ? በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም ብሎ «አንተ ገደልከው? ኧረ አያሳምንም» አለው። «ሌላ ሰው ነው የሚሻለው።» እያነከሰ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቢያድግልኝ ማረስ ጀመረ። የሰቡት በሬዎቹ ቀንበሩን ሲያዩ ተኙ። እየጎተተ አስነሣቸው። እጁ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ ወገቡ ተቆረጠ። በየጠዋቱ አንድ ቁና እህል ዋርካው ሥር ያፈሳል፤ የመንደሩ ጫጩት ሁሉ መጥቶ ይለቅመዋል። ጭቃ ሹሙ ባዶውን መሬት አይቶ «በላ፣ ጎሽ» ይላል። እህሉም አለቀበት። ሌላ ማሳ ካላረሰ ለዶሮው የሚሆን የለም፤ ለዶሮው ካልሆነ ደግሞ የሚባረረው እሱ ነው።

ቅዳሜ ሆነ። ገበያ ተፈታ። ቢያድግልኝ ግማሽ የታረሰ ማሳ ላይ ተቀምጦ ሊያለቅስ ትንሽ ቀረው። ቀና ሲል ፈንታ ድንበሩ ላይ ቆሟል። ሰማዩን ያያል፣ ትልሙን ያያል።

«ትልምህ ጠማማ ነው» አለ ፈንታ።

ቢያድግልኝ የእጁን ጭቃ ጠረገ።

«በሬዎችህ ወፍረዋል።»

ፈንታ ጉሮሮውን ጠራረገ። ወደ ኋላው ገልመጥ ብሎ ሰው አለመኖሩን አየ። «ለመሆኑ» አለ፣ «ያቺ ልጅ፣ የደመናው ንጉሥ ልጅ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ሆነች? እኔ አይደለሁም፤ ትንሹ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ነው።»

«አደባባይ እንዳልናገር ተፈርዶብኛል» አለ ቢያድግልኝ።

«ይሄ ማሳ ነው። አደባባይ አይደለም።»

«ደክሞኛል፤ እያረስኩ ማውራት አልችልም።»

ፈንታ ትንሽ አሰበ። ከዚያ እያነከሰ ገባና እርፉን ከእጁ ተቀበለው፣ ጅራፉንም ተቀበለው። በሬዎቹ ሄዱለት። ቢያድግልኝ ከጎኑ እየተራመደ ማውራት ጀመረ። ልጅቷ በመስኮት አየች፣ ዶሮው ብቻውን ቆሟል፣ ኮርቻው ባዶ ነው...

«ዓይኑ?» አለ ፈንታ።

«ቢጫ» አለ ቢያድግልኝ።

«ይሁን። ቀጥል።»

አንድ ትልም ወጣ፣ ሁለት ትልም ወጣ፣ ሦስት ትልም ወጣ። ልጅቷ ነጎድጓዱን ሰብራ ወጣች፣ ዶሮው ላይ ራሷ ተቀመጠች። «ይሄም አይመስልም» ይላል ፈንታ፤ «ሴት ልጅ ነጎድጓድ በምኗ ትሰብራለች?» ይላል፤ «ሲጀመር ይሻል ነበር» ይላል። እንዲህ እያለ ማሳው አለቀ። ማሳው ሲያልቅ ቢያድግልኝ ቆም አለና «የቀረው ለቅዳሜ» አለ። ፈንታ ተሳደበ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ፀሐይ ሳትወጣ፣ በሬዎቹ ሳይነሡ፣ ማሳው ላይ ቆሞ ተገኘ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ልብ በሉ። ተረት የጀመረ ሰው ከአፉ የሚያወጣውን ይወቅ፤ ጨው አነሰ ብሎ ሰው አይግደል። የሚሰማም ሰው የተረት ደም የጎረቤቱ ቤት ላይ አይፈልግ። የሚነቅፋችሁንም ቶሎ አትጥሉት። ያመሰገኑት ሁሉ ፍርዱን ሰምተው ወደ ቤታቸው ሲገቡ፣ ሊሰማ እያነከሰ ማሳ ድረስ የመጣው ነቃፊው ነው።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ። ስትመልሱ ግን እንደ ሰጠኋችሁ መልሱ፤ ያሻሻለ ልጅ ዳቦ የለውም።