ጋሼ ጎሽ ቃሬዛ የተሸከመ ዕለት

ስሙኝማ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ አንድ የቆየ ነገር ላጫውታችሁ። በዚያ ዘመን እንስሳው ብቻ ሳይሆን እንጨቱም ይናገር ነበር።

በገደል አናት ላይ የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። ሐኪሟ ሥር ቆፋሪዋ ጃርት ናት፤ ቤቷ ግን ከሦስት ኮረብታ ማዶ። ሚዳቋን ሁለት ጊዜ ምጥ ያዛት፣ ሁለት ጊዜ በቃሬዛ ተሸከሟት፣ ሁለት ጊዜም ግልገሏ መንገድ ላይ ሞተባት። አሁን ሦስተኛውን አርግዛለች።

«በአንበሳ ሸንጎ እንዲናገርልን ጎሽን መርጠን የለ? ለእኛም ሐኪም ይጠይቅልን እንጂ!» ተባባሉ።

ዝንጀሮ ጎሽ ወደሚግጥበት ሜዳ ወረደና ጮኸበት። «አንተ ወፍራም! የመረጥንህ ሣር እንድትግጥ ነው?»

ጎሽ ቀና እንኳ አላለም። «አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

ቀበሮ ማር ይዛ ወረደች። ጎሽ ማሩን ላሰ፣ «እሺ፣ እሺ» አለ፣ ረሳው። ኧረ አትሳቁ! እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

እማማ ኤሊ ባዶ እጇን ወረደች። ስንት ቀን እንደፈጀባት እሷ ታውቃለች።

«ጋሼ ጎሽ፣ እናትህ ታመው ነበር አሉ፤ ተሻላቸው?»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ዛሬስ ልጠይቅህ ብቻ።»

ደግማ ወረደች። በሦስተኛው ብትዘገይበት፣ ጎሽ «ያቺ አሮጊት ምን ነካት?» ብሎ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ያን ጊዜ የሚዳቋን ነገር አጫወተችው። «ና፣ አንተም ጠይቃት» አለችው።

እሱ ሽቅብ ሲወጣ ቃሬዛው ቁልቁል ሲወርድ ተገናኙ። ሚዳቋ ታቃስታለች። ቃሬዛውም ተናገረ፦

«አንተ መንገደኛ! ቃሬዛ ያገኘ ሳይሸከም አያልፍም፤ ትከሻህን!»

«እኔ እኮ የተመረጥኩ ጎሽ ነኝ።»

«እሷም መራጭህ ናት። ግባ!»

ገባ። አንዱን ኮረብታ ወጡ፣ ወረዱ። ሁለተኛውን ወጡ፣ ወረዱ። በሦስተኛው የጎሽ ትከሻ ተላጠ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትመላለሱት?» አለ እያለከለከ። ጃርት ደጅ ደረሱ፤ ግልገሏም በሕይወት ተወለደች! እሰይ!

በሸንጎው ቀን ጎሽ ተነሣ። «ጌታዬ አንበሳ፣ ይህን ትከሻ እዩልኝ! እኔ ጎሹ አንድ ቀን ተሸክሜ ተላጥኩ፤ እነሱ ዕድሜ ልካቸውን!»

አንበሳ ቀርቦ ትከሻውን አየ። ከዚያ እናቷ ያስተማረቻት የጃርት ልጅ ለገደሉ አናት ሐኪም ሆና ተመደበች። እማማ ኤሊ ከሸንጎው በር ሥር አንገቷን መዝዛ «የኛ ነው! የመረጥነው እኛ ነን!» አለች።

አያችሁ ልጆቼ? የመረጣችሁትን ሲቸግራችሁ ብቻ አትሂዱበት። በደህናውም ቀን ጠይቁት፤ መንገዳችሁን በእግሩ ይወቀው። ያን ጊዜ ስለ እናንተ የሚናገረው ከልቡ ነው፤ እናንተም ቀና ብላችሁ ትሰሙታላችሁ።

ተረቴ ይኸው አለቀ፤ አፌም ደረቀ፣ ውኃ አቀብሉኝ።