ገንፎው ድስት አጣ

ጆሮ ያለው ይስማ፣ ሥራ ያለውም ሥራውን እየሠራ ይስማ። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሳህን ገንፎ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ብርዱ በር ሳያንኳኳ በሚገባበት አንድ ሰፈር፣ ውድነሽ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ስሟ ውድነሽ ይሁን እንጂ ቤቷ ውስጥ ውድ ነገር አልነበረም፤ የሚጣል ነገርም አልነበረም። የባሏ የአምሳሉ ሱሪ ሲያልቅ ቦርሳ ይሆናል። ቦርሳው ሲያልቅ የድስት መያዣ ይሆናል። የድስት መያዣው ሲያልቅ ጫማ መወልወያ ይሆናል። አምሳሉ አንዳንድ ጠዋት ጫማውን እየወለወለ፣ እጁ ላይ ያለው ጨርቅ የትኛው ሱሪው እንደነበር ለማስታወስ ይሞክራል። ፌስታሉም ሁሉ ታጥቦ፣ ተሰንጥቆ፣ ተገምዶ የልብስ ማስጫ ገመድ ሆኗል።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ ባለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ የተጻፈ የሳምንት ምግብ ተለጥፏል። ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ጎመን፣ ረቡዕ ድንች፣ ሐሙስ ምስር፣ ዓርብ ከረቡዕ የተረፈው ድንች ከሰኞ ከተረፈው ሽሮ ጋር ተዛምዶ፣ ቅዳሜ ፍርፍር፣ እሁድ ገንፎ። የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ ይገለብጡታል። ውድነሽም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ዕቅድ ነው እናንተ፣ ዕቅድ!» ትላቸዋለች።

እዚህ ቤት የአምሳሉ እናት እማማ ሙላቷ ከገጠር መጥተው ከገቡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሲመጡ ደህና ነበሩ። ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ግን ምግብ እምቢ አሉ። ማዕድ ሲቀርብ አንድ ቀን «በልቻለሁ» ይላሉ፤ አንድ ቀን «ሆዴን ነፍቶኛል» ይላሉ፤ ከሁለት ጉርሻ በላይ አይቀምሱም። ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ። ሐኪሙ መረመራቸውና፣ «ምንም የለባቸውም፤ ምግብ ብቻ ይብሉ» አለ። ያ እንኳ ሳይነገርም የታወቀ ነበር። ጉንጫቸው እየጎደጎደ፣ ቀሚሳቸው እየሰፋቸው ሄደ። አምሳሉም ሌሊት ሌሊት መገላበጥ ጀመረ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ውድነሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ አፍዎን ምን አሰኘዎት? የፈለጉትን ልሥራልዎ።»

«ምንም ልጄ፤ አትቸገሪ።»

«በሞቴ ይንገሩኝ!»

አሮጊቷ ወደ ግድግዳው ዞር አሉና በቀስታ፣ «ገንፎ ቢኖር… እቀምስ ነበር» አሉ።

ገንፎ የእሁድ ነው። ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ነው። ውድነሽ ግን እማማን አየቻቸውና በትዳር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ እሁድን ወደ ሐሙስ አመጣችው። የገብሱን ዱቄትም፣ ቅቤውንም እማማ ራሳቸው ከገጠር ይዘው መጥተዋል። የጎደለ ነገር የለም፤ ከድስት በቀር።

ድስት እንኳ ሦስት ነበር። አንዱ ስስ ነው፤ ገንፎ ያሳርራል። ሁለተኛው፣ የእሁዱ ገንፎ የሚገነፋበት፣ በዚህ ሳምንት ቂጡ ሲበሳ፣ ውድነሽ በምስማር ሌላ ሃያ ቀዳዳ ጨምራበት ማጥለያ ሆኗል። ሦስተኛው ወፍራሙ ድስት ነው፤ እሱን ከመደርደሪያው አውርዳ ብትከፍተው እስከ አፉ የሽሮ ዱቄት ተሞልቷል። ከጎረቤት እንዳትዋስ፣ ያ ሁሉ ሴት ዕቅድ ሊገለብጥ የሚመላለስበት ቤት ድስት አጣ ሊባል ነው! አይሆንም። እንግዲህ ገንፎው ድስት ይላል፤ ድስቱ ሽሮ ይዟል።

«ሽሮውን ወደ ጣሳው እመልሰዋለኋ» አለችና ትልቁን የወተት ዱቄት ጣሳ ፍለጋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጣሳው መስኮቱ ላይ አለ። አፈር ተሞልቶ፣ ሽንኩርት ተተክሎበት፣ ሽንኩርቱም አንገቱን አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ልጇ ቤዛ ቆማ በክዳን ውሃ ታጠጣለች። ቤዛ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የከሰዓት ተማሪ ናት።

«ቤዛዬ፣ ጣሳውን ልወስደው ነው።»

«ሽንኩርቶቼስ?» ቤዛ ጣሳውን አቀፈችው። «ከአፈር ከወጡ ይሞታሉ! ሲያድጉ ወደ ሳፋው እናዛውራቸዋለን ብለሽኛል። ብለሽኛል፣ እማዬ!»

ብላታለች፤ ምን ታድርግ። ገንፎው ድስት ይላል፤ ድስቱ ሽሮ ይዟል። ሽሮው ጣሳ ይላል፤ ጣሳው ሽንኩርት ይዟል። ሽንኩርቱም ሳፋ ይላል።

ሳፋው ከበሩ ኋላ ነው። ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ ውሃ አይዝም፤ ስለዚህ ከሰል ይዟል። ከሰሉን መሬት ላይ እንዳትደፋው፣ የዚያ ሰፈር እርጥበት በአንድ ቀን ከሰሉን ጭቃ ያደርገዋል። ድሮ ከሰሉ የራሱ ጆንያ ነበረው። «ጆንያው የት ገባ?» አለች ውድነሽ፤ ሳትጨርሰውም እግሯን አየች። ቆማበታለች። ጆንያው ታጥቦ፣ ተተርትሮ፣ ጠርዙ በቀይ ክር ተዘምዝሞ ሳሎኑ ውስጥ ተነጥፏል። ራሷ ናት የዘመዘመችው፤ ሦስት ጎረቤቶችም አድንቀውላታል።

ጎንበስ ብላ ጫፉን ገለጥ ብታደርገው የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ጣቷን ነከሳት። እማማ ሙላቷ በባዶ እግራቸው ነው በዚህ የሚያልፉት። እንግዲህ ገንፎው ድስት ይላል፤ ድስቱ ሽሮ ይዟል። ሽሮው ጣሳ ይላል፤ ጣሳው ሽንኩርት ይዟል። ሽንኩርቱ ሳፋ ይላል፤ ሳፋው ከሰል ይዟል። ከሰሉ ጆንያ ይላል፤ ጆንያው መሬት ይዟል። መሬቱም ምንጣፍ ይላል።

ምንጣፉ ሩቅ አልነበረም። ሶፋው ላይ ነው። ምንጣፉ ላይ ደግሞ አምሳሉ ነው። የዚያን ቀን ፈረቃው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል።

«ተነሳ እስቲ፣ ምንጣፉን ልውሰደው።»

«እኔስ ምን ላይ ልቀመጥ?»

«ሶፋው ላይ ነዋ!»

«ውዴ፣ የሶፋው ሽቦ እኮ ወጥቷል። ያን ግራጫ ሱሪዬን ቦጭቆ የጣለው ማን ሆነና?»

«አልጣለውም፤ ቦርሳ ሆኗል።»

«እሺ፣ ይሁን። ይሄኛው ግን ቦርሳ እንዲሆን አልፈልግም፤ ሌላ የለኝም። ያን ጥጥ ያለውን የሶፋ ልብስ አውጪና አልብሽው። ያኔ ምንጣፉን ትወስጃለሽ።»

ውድነሽ ደነገጠች። «የሶፋውን ልብስ? እሱማ የእንግዳ ነው!»

የሶፋው ልብስ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ ጥጥ አለው። ውድነሽ በእጇ ሰፍታ፣ አጣጥፋ፣ ብርቱካን ልጣጭ አድርጋበት ሳጥን ውስጥ ካስገባችው አምስት ዓመቱ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው መጥቷል። ጎረቤት ሲመጣ፣ ጎረቤት እንግዳ አይደለም ትላለች። ወንድሟ ሲመጣ፣ ወንድም እንግዳ አይደለም ትላለች። የአምሳሉ አለቃ ሊመጣ የነበረ ጊዜ ሳጥኑን ከፍታ ነበር፤ ሰውየው ቀረ፤ ሳጥኑም ተዘጋ።

«እና እንግዳው መቼ ይመጣል?» አላት አምሳሉ።

«ሲመጣ ነዋ!»

ሳሎኑ መሃል ቆመች። ዱቄቱ እጇ ላይ ነው። ጓዳ ውስጥ እማማ በቀስታ ያስላሉ። ውድነሽም ለባሏ ይሁን ለራሷ፣ ወይም ለጣሪያው፣ እንዲህ ስትል ተናገረች። «ገንፎው ድስት ይላል፤ ድስቱ ሽሮ ይዟል። ሽሮው ጣሳ ይላል፤ ጣሳው ሽንኩርት ይዟል። ሽንኩርቱ ሳፋ ይላል፤ ሳፋው ከሰል ይዟል። ከሰሉ ጆንያ ይላል፤ ጆንያው መሬት ይዟል። መሬቱ ምንጣፍ ይላል፤ ምንጣፉ ሶፋ ይዟል። ሶፋው ልብስ ይላል፤ ልብሱ እንግዳ ይጠብቃል። እንግዲህ እንግዳ ከየት ላምጣ?»

ቤዛ ጣሳዋን እንዳቀፈች መጣች።

«እማማ እንግዳ አይደሉም?»

«ምን ነካሽ? እማማ እኮ የአባትሽ እናት ናቸው። ቤተሰብ ናቸው።»

«ቤተሰብ ከሆኑ ታዲያ ለምን አልተጻፉም?»

«የት?»

«ወጥ ቤት። ወረቀቱ ላይ። ከላይ በትልቁ ‹የሦስት ሰው የሳምንት ምግብ› ይላል። እኔ፣ አንቺና አባዬ ሦስት ነን። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ እማማ ‹እዚያ ላይ ምን ተጽፏል?› ብለው ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው። እንጀራው ስንት እንደሆነም አነበብኩላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት። ‹እህ› አሉ። ከዚያ ጎበዝ አንባቢ ነሽ አሉኝ።»

አምሳሉ ሬዲዮውን ዘጋው።

ውድነሽ እንደ እንግዳ የሶፋ ልብስ አላወጣችላቸውም፤ እንደ ቤተሰብም አልጻፈቻቸውም። አሮጊቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤት ሰውም የውጭ ሰውም ሳይሆኑ ከርመዋል። ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዷን ጉርሻ ከማን ላይ እንደወሰዷት እያሰቡ ነው የጎረሷት።

«በልቻለሁ።» ይህን ቃል ውድነሽ ድሮ ታውቀዋለች። አባቷ ታሞ በተኛበት ክረምት እናቷ ልጆቹን ሌማቱ ዙሪያ ሰብስባ ታቀርብና፣ «እኔ በልቻለሁ» እያለች ሲበሉ ታያቸው ነበር። ውድነሽ ያኔ ልጅ ብትሆንም እናቷ እንዳልበላች ገብቷት ነበር። ይህን ሁሉ ዕቅድ ያወጣችው፣ ይህን ሁሉ ጆንያ የዘመዘመችው፣ ያን ቃል በራሷ ቤት ላለመስማት ነው። ቃሉ ገብቶ ዘጠኝ ቀን ማዕዷ ላይ ሲቀመጥ ግን አላወቀችውም።

ብዙ አላሰበችም። ሄዳ ሳጥኑን ከፈተችው፤ ክዳኑ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ጮኸ።

«ተነሳ አምሳሉ! ቤዛ፣ ሳፋውን አምጪ!»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተተራመሰ። ልብሱ ከሳጥን ወጣ፤ ሶፋው ልብሱን ለበሰ። ሶፋው ምንጣፉን ለቀቀ፤ ምንጣፉ መሬት ላይ ወረደ። መሬቱ ጆንያውን ለቀቀ፤ አምሳሉ የጆንያውን ጎን በወፍራም ክር ሰፋ፤ ጆንያው ከሰሉን ተቀበለ። ከሰሉ ሳፋውን ለቀቀ፤ ሳፋው ታጥቦ ሽንኩርቱን ተቀበለ። ሽንኩርቱ ከነአፈሩ፣ በቤዛ ተቆጣጣሪነት፣ ጣሳውን ለቀቀ። ጣሳው ተፈግፍጎ፣ ምድጃ ዳር ደርቆ ሽሮውን ተቀበለ። ሽሮው ድስቱን ለቀቀ። ድስቱም እሳት ላይ ተጣደ፣ ውሃው ፈላ፣ ዱቄቱ ገባ፤ ውድነሽ በሁለት እጇ ማማሰያውን ይዛ ላቧ ጠብ እስኪል አማሰለችው። ለእማማ ሙላቷ ገንፎ ተገነፋላቸው።

እማማ በአምሳሉ ክንድ ተደግፈው ወጥተው ሰማያዊው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። በእጃቸው ልብሱን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«እንግዳ አለ እንዴ?»

«አለ፤ ቆይቷል» አለች ውድነሽ። የገንፎውን መሃል ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውንና በርበሬውን ሞልታ ፊታቸው አስቀመጠች፤ እሷም መሬት ላይ፣ እግራቸው አጠገብ ቁጭ አለች። «እማማ፣ ያን ወረቀት የጻፍኩት እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ነው። ግን ላስተካክለው ይገባኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ኧረ ምን በወጣሽ! ያን ያህል የደከምሽበት ዕቅድ በእኔ እንዳይበላሽ ብዬ ነው እንጂ።»

«ይበላሽ! አንድ ጊዜ ቢበላሽ ምን ይሆናል?» አለችና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

አሮጊቷ ከዳር ቆረስ አድርገው፣ ከቅቤው ነክረው ቀመሱ።

«ጨው አንሶታል» አሉና ሁለተኛ ቆረሱ።

ሦስተኛ ቆረሱ። አራተኛውን ለቤዛ አጎረሱ፤ አምስተኛውን ለራሳቸው። ጉንጫቸው መቅላት ጀመረ። አንድ እፍኝ የምታህል ሲቀር ግን እጃቸውን ሰበሰቡና፣ «ይቺን ለማታ አስቀምጪልኝ። ምግብ መጣል ነውር ነው» አሉ።

ውድነሽ የቡና ቅሪት ለሽንኩርት የምታስቀምጥ ሴት ናት፤ የሻማ እንባ እንኳ ሰብስባ ሻማ ታደርጋለች። ያን ቀን ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ማስቀመጫ ዕቃ የለኝም፣ እማማ። እባክዎ ይጨርሱልኝ።»

ከጀርባዋ ስምንት ባዶ ሳህን ታጥቦ ተደርድሯል። እማማ ሙላቷ ሳህኖቹን አዩአቸው፤ እሷንም አዩአት። ከዚያ ፈገግ አሉና ገንፎውን ጨረሱት።

የእኔም ወሬ አለቀ። እናንተም እስቲ ወደ ቤታችሁ ሂዱና ድስታችሁን ከፍታችሁ እዩ።