እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ማዕበል

አንድ ጀልባ ነጂ ነበሩ፤ ጋሽ ጦና ይባላሉ። ጉማሬ በበዛበት ሐይቅ ላይ ሰው ያሻግራሉ። አንድ ክረምት ዝናቡ ፊታቸውን ጋርዶባቸው ከጉማሬ ጋር ተጋጩ፤ ጀልባው ተገልብጦ ሁለት ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ በዝናብ ቀን የሚያሻግር ጠፋ። ከሐይቁ ማዶ የታመመ ሰው ቢኖር እንኳ ሰማዩ እስኪጠራ ይጠብቃል።

ትርሲት የምትባል መሐንዲስ ይህን ሰምታ ለጀልባው ራዳር ሠራች፤ በዝናብ ውስጥ ከፊት ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሰው አሳፍራ መሞከሩን ፈራች። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ሐይቅ ፈጠረች። የእያንዳንዱ ማዕበል ከፍታ በዕጣ ይወጣል፤ በመሃል ጉማሬ ትደብቃለች። ራዳሩ መቶ ጊዜ ተፈትኖ መቶውንም ጊዜ ጉማሬውን አገኘ። ትርሲት ደስ ብሏት ጋሽ ጦናን ወደ ሥራ ክፍሏ ጠራቻቸው።

እሳቸው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ የማን ውሃ ነው?» አሏት።

«የእኛው ሐይቅ ነው፣ ጋሼ። ማዕበሉ በዕጣ ስለሚመጣ እኔም አስቀድሜ አላውቀውም።»

«የእኛንም ማንም አስቀድሞ አያውቀውም። ግን አንድ ትልቅ ማዕበል ከመጣ ሦስት አራት ወንድሞቹ ይከተሉታል። የአንቺዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም።»

ትርሲት አፈረች። ለካ ለራሷ መሣሪያ ቀላል ፈተና አውጥታለት ኖሯል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐይቁ ዳር ቆማ ማዕበል ለካች። ከዚያ ዕጣውን እንደገና ሠራችው፤ አሁን እያንዳንዱ ማዕበል ከፊቱ የነበረውን አይቶ ይመጣል፤ ትልቁን ትልቅ ይከተለዋል። ራዳሩ ጋሽ ጦና ባሉበት ተፈተነ። ተከታትለው የመጡት ትልልቅ ማዕበሎች ጉማሬውን እየጋረዱበት ከመቶው አርባውን ሳተ።

አንገቷን ደፋች። ጋሽ ጦና ግን ፈገግ አሉ።

«አርባ ጀልባ እዚህ ክፍል ውስጥ ተገለበጠ፤ አንድም ሰው አልሞተም። በርቺ፣ አስተካክዪው።»

አስተካከለችው። ብዙ ወር ፈጀባት። በሚቀጥለው ክረምት ምጥ የያዛት ሴት በዶፍ ዝናብ ሐይቁን ተሻገረች። መሃል ላይ ራዳሩ ጉማሬ አሳያቸው፤ ጋሽ ጦና መሪውን አዙረው አለፉት። ሕፃኑ ጤና ጣቢያ ደርሶ ተወለደ።

ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ጠባዩን ግን ማጥናት ይቻላል፤ ችግር ሲመጣም እንደ ማዕበሉ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም። በልምምድ ላይ መውደቅ አያሳፍርም፤ እዚያ የወደቀ ሰው ተነስቶ ለማስተካከል ጊዜ አለው። እኛስ ራሳችንን የምንፈትነው እንዳናልፍ በሚያሰጋን ፈተና ነው ወይስ እንደምናልፈው አስቀድመን በምናውቀው?