ጅብ ጉድጓድ ውስጥ የደበቀው ሥጋ

ተረት ተረት ስላችሁ የመሠረት በሉኝና ልጀምር። የዱር እንስሳት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው የሚጠጡበት አንድ የውሃ ጉድጓድ ነበረ። አንድ ቀን ስስታም ጅብ ከበላው አህያ የተረፈውን ማንም እንዳይሻማው ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ደበቀው። እዚያ የምትኖር ፈሪ እንቁራሪት አየችው።

«ኧረ አያ ጅብ፣ ውሃው ይመረዛል!» አለችው።

«ትንፍሽ ብትዪ አንቺንም እውጥሻለሁ!» ብሏት ሄደ።

እንቁራሪቷ ዝም አለች። ውሃው መሽተት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሚዳቋ ጠጥታ ወደቀች፤ ጥንቸልም ተከተለቻት። እንቁራሪቷ ድንጋይ ሥር ተሸጉጣ ዓይኗን ጨፈነች።

በማግስቱ ጅቡ እያለከለከ መጣ።

«ልጆቼን አላየሻቸውም?»

እንቁራሪቷ ከድንጋዩ ሥር ወጣች። «አይቻቸዋለሁ አያ ጅብ፤ ጠምቷቸው መጥተው ነበር» አለችው።