ሟርት የተባለው ቃሬዛ

አቦ መገንጠያ ላይ ለክፉ ቀን በሚዘጋጅ ሰው የሚያፌዝ ከተገኘ፣ ስለ ቃሬዛ አንዲት ነገር ጣል አድርጎ አፉን የሚያስይዘው ሽማግሌ አይጠፋም። ነገሪቱ የወጣችው ከድሬሰር ሽባባው ክሊኒክ ነው።

ድሬሰር ሽባባው ጡረታ ሲወጡ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ክሊኒክ ከፈቱ፤ ሲስተር ትጓደድንም ነርስ አድርገው ቀጠሩ። ትጓደድን ከመጀመሪያው ያስጨነቃት ገደሎ ወንዝ ነበር። ሆስፒታሉ ከወንዙ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ የመኪናው ድልድይ ይዋጥና የሚቀረው ሽቅብ የአንድ ሰዓት መንገድ ተኪዶ የሚገኘው የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ምጥ የጠናባት ሴት ብትመጣ ምን እናደርጋለን?»

«አታሟርቺ።»

«ልጅ እየደማ ቢመጣስ?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ደግ ነገር አያውቅም? ክፉ የሚመጣው ሲጠሩት ነው።»

ትጓደድ ግን ሳይጠሩት ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይታለች። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አስልጋ መሐሉን በጠፍር አስጠለፈች። ትከሻቸው የጠና ስምንት ጎረቤቶች መርጣ፣ ማን ከፊት እንደሚሸከም፣ ማን እንደሚቀይረው ጽፋ፣ እየዞረች ቃል አስገባቻቸው።

ድሬሰሩ ቃሬዛውን በሩ ጥግ ቆሞ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። በዚያ አገር ቃሬዛ የሚቀመጠው እድር ቤት ነው፤ የሚወጣውም ለሬሳ ነው።

«ሊድን የመጣ ሰው ይህን አይቶ ይገባል? ወይስ እኛው ገድለን እኛው ልንቀብር ነው?»

የስም ዝርዝሩንም «የቀባሪ መዝገብ» ብለው ቀደዱት። ወረፋ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ሲስተር ቃሬዛ» ሆነ።

«ስሙን እለምደዋለሁ» አለች፣ ቃሬዛውን ወደ ቤቷ ለመውሰድ ትከሻዋ ላይ እያደረገች። «የማልለምደው ሰው እያየሁት ሲሞት ነው።»

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትጓደድ ድሬሰር ሽባባውን ወንበራቸው ላይ ተጣጥፈው አገኘቻቸው። የሆዳቸውን ቀኝ ጎን ከታች ተጭና ስትለቀው አቃሰቱ።

«ብርድ ነው» አሉ።

«በሽተኛው ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይሉ ነበር?»

«ትርፍ አንጀት» አሉ በቀስታ። «ዛሬ ካልተቀደድኩ ይፈነዳል። ወንዙ ደግሞ ሞልቷል።»

ትጓደድ አምቡላንሱ ከማዶ እንዲጠብቅ ደወለች። ስሞቹን በቃሏ ስለምታውቃቸው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስምንቱም ቃሬዛውን ከቤቷ ይዘው በር ላይ ደረሱ። ድሬሰሩ ቃሬዛውን አይተው አመነቱ።

«በዚህ ከወጣሁ ሰው ሞተ ብሎ ያለቅሳል።»

«ያልቅስ። ሲመለሱ ያፍራል።»

እየተቀያየሩ፣ በጭቃ እየተንሸራተቱ አሻገሯቸው። ሐኪሞቹ በዚያው ዕለት ቀደዱላቸው፤ ዳኑ።

መስከረም ላይ ክሊኒካቸውን ሲከፍቱ ድሬሰሩ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ቃሬዛው ነበር። «እዚሁ ይቀመጥ» አሉ፣ ትጓደድን ሳያዩ። «ብቻ በአንሶላ ሸፍኚው፣ ሰው እንዳይደነግጥ።»

በዚያ የወረፋ ሳቅ ከሁሉ በላይ የሳቁት፣ በኋላም ከፊት ሆነው የተሸከሙት አያ ሞገስ ቁስላቸውን ሊያሳጥቡ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ድሬሰሩንም ራሳቸውንም በአንድ ዐይን የታዘቡ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦ «ሰው እኮ እንዲህ ነው፤ ቃሬዛ ሲያበጁለት ሟርት ይላል፣ ሲታመም ተሸከሙኝ ይላል።»